የተቃጠለ አየር በቅጠል ውስጥ እንዴት ስኳር ይሆናል? በሽምብራ ቆጥሮ፣ በአዮዲን አይቶ ለመረዳት

ተማሪዎችን ባዮሎጂ አስጠናለሁ። የብርሃን አስተፃምሮ (ፎቶሲንተሲስ) ምዕራፍ ላይ በደረስን ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመጣል። «ክቡን ሥዕል ሸምድጄዋለሁ፤ ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ማለትም የተቃጠለ አየር፣ እንዴት ሆኖ ነው ስኳር የሚሆነው?» ወላጆችም ይደውሉልኛል። ልጃቸው ጠይቋቸው መልስ አጥተው ነው። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ስመልስ ከረምኩ። አሁን ግን ሁሉንም እዚህ ጽፌዋለሁ። ቁሳቁሱን አዘጋጁና ከእኔ ጋር ሥሩት።

ሥራው ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ጠረጴዛ ላይ የሚሠራ ቆጠራ ነው፤ 20 ደቂቃ ይበቃዋል። ሁለተኛው በእውነተኛ ቅጠል የሚደረግ ሙከራ ነው። እሱ ሦስት አራት ቀን ይወስዳል፤ አብዛኛው ጊዜ ግን መጠበቅ ነው። ቆጠራውን ዘላችሁ ወደ ሙከራው አትሂዱ። ቅጠሉ ውስጥ ምን እንደሚካሄድ ሳታውቁ ቅጠሉ ቢጠቁር ባይጠቁር ምንም አይነግራችሁም።

ከመጀመራችሁ በፊት ይህን ብቻ ያዙ። ቅጠል ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ብርሃንን መያዝ ነው። አረንጓዴው ቀለም፣ ማለትም ክሎሮፊል፣ ብርሃኑን ይይዛል፤ ውሃ ይሰነጠቃል፤ ኦክስጅን ይወጣል፤ ኤቲፒ እና ኤንኤዲፒኤች የሚባሉ ሁለት ነገሮች ይሠራሉ። ኤቲፒ ጉልበት ተሸካሚ ነው። ኤንኤዲፒኤች ደግሞ ኤሌክትሮንና ሃይድሮጅን ይሸከማል። ሁለተኛው ሥራ እነዚህን ሁለቱን እየከፈሉ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ስኳር መሥራት ነው። የምንቆጥረው ይህን ሁለተኛውን ነው። ካልቪን ዑደት ይባላል።

ክፍል አንድ፦ በሽምብራ መቁጠር

የሚያስፈልጋችሁ፦

- 21 ፍሬ ሽምብራ። አንዱ ፍሬ አንድ ካርቦን ነው።
- 6 የቡና ስኒ። አንዱ ስኒ አንድ ሞለኪውል ነው።
- 18 የክብሪት እንጨት። አንዱ እንጨት አንድ ኤቲፒ ነው።
- 12 ፍሬ በቆሎ። አንዱ ፍሬ አንድ ኤንኤዲፒኤች ነው።
- አንድ ሳህን። የተሠራው ስኳር የሚያርፍበት።

በሽምብራ ፋንታ ባቄላም ይሆናል። በበቆሎው ፋንታ ግን ሌላ ሽምብራ አትጠቀሙ። ካርቦንና ኤንኤዲፒኤች ከተደባለቁባችሁ ቆጠራው ሁሉ ይበላሻል።

1. ሦስት ስኒ ደርድሩ። በእያንዳንዱ 5 ሽምብራ አድርጉ። በጠቅላላው 15 ይሆናል። ይህ አርዩቢፒ የሚባለው ባለ 5 ካርቦን ሞለኪውል ነው።

ይህ እርምጃ ለምን አስፈለገ? ብዙ ሰው ቅጠል 6 ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሰብስቦ እርስ በርስ የሚያያይዛቸው ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለጠፈው ቅጠሉ ውስጥ ቀድሞ በተዘጋጀ ነገር ላይ ነው። ልክ እንደ እርሾ አስቡት። ሊጡን የሚያቦካው እርሾ ካለፈው ቡኮ የተረፈ ነው። ይኼኛውም ካለፈው ዙር የተረፈ ነው።

2. ሦስት ሽምብራ በእጃችሁ ያዙ። እነዚህ ከአየር የገቡ 3 ካርቦን ዳይኦክሳይድ ናቸው። በየስኒው አንድ አንድ ጨምሩ። አሁን በእያንዳንዱ ስኒ 6 ሽምብራ አለ።

ይህን የሚሠራው ሩቢስኮ የሚባል ኢንዛይም፣ ማለትም በሴል ውስጥ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን፣ ነው። ለኢንዛይም በጣም ዘገምተኛ ነው፤ በአንድ ሴኮንድ የሚይዘው ጥቂት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ብቻ ነው። ስለዚህ ቅጠሉ ሩቢስኮን በብዛት ያከማቻል። በብዛት ያካክሰዋል ማለት ነው።

3. ባለ 6ቱ ወዲያውኑ ለሁለት ይከፈላል። የቀሩትን ሦስት ስኒዎች አምጡና እያንዳንዱን 3 እና 3 አድርጋችሁ አካፍሉ። አሁን 6 ስኒ አላችሁ፤ በእያንዳንዱ 3 ሽምብራ። ቁጠሩ፤ 18 መሆን አለበት። ይህ ፒጂኤ ይባላል።

እዚህ ጋ ቆም በሉ። ፒጂኤ ገና ስኳር አይደለም። አሲድ ነው። ካርቦኑ ተይዟል፤ ጉልበት ግን አልገባበትም። ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ ስኳር የሚደረገው እውነተኛው ለውጥ የሚቀጥለው እርምጃ ነው።

4. በእያንዳንዱ ስኒ አንድ ክብሪትና አንድ በቆሎ ጨምሩ። በድምሩ 6 ክብሪትና 6 በቆሎ ወጣ ማለት ነው። ከዚያ ክብሪቱንና በቆሎውን መልሳችሁ አውጡና ወደ ጎን አስቀምጡ። ሽምብራው ስኒው ውስጥ ይቀራል።

ለምን መልሰን እናወጣቸዋለን? ኤቲፒ እና ኤንኤዲፒኤች የስኳሩ ካርቦን አይሆኑም። አንዱ ጉልበቱን፣ ሌላው ኤሌክትሮኑንና ሃይድሮጅኑን ሰጥተው ባዷቸውን ይመለሳሉ። ብርሃን እንደገና ይሞላቸዋል። ስኒው ውስጥ ያለው ግን ተለውጧል። አሁን ጂ3ፒ ይባላል። ባለ 3 ካርቦን ስኳር ነው። ተማሪዎቼን ከዚህ ምዕራፍ አንድ ነገር ብቻ አስይዛቸው ብባል፣ ይህን እርምጃ አስይዛቸዋለሁ።

5. ከ6ቱ ስኒ አንዱን ብቻ አንሱና ሳህኑ ላይ ገልብጡ። የዚህ ዙር ትርፍ ይኼ ነው፤ 3 ካርቦን።

6. በቀሩት 5 ስኒዎች 15 ሽምብራ አለ። አንድ ላይ ሰብስቧቸውና ለ3 ስኒ አምስት አምስት አካፍሉ። ለዚህ 3 ክብሪት ክፈሉ። ባለ 5 ካርቦኑ አርዩቢፒ ተመልሶ መጣ። በቅጠሉ ውስጥ ይህ በአንድ ጊዜ አይሆንም፤ ባለ 4፣ ባለ 6ና ባለ 7 ካርቦን ሞለኪውሎችን አልፎ ነው። ለመቁጠር ግን መነሻውና መድረሻው ይበቃል።

7. የወጣውን ቁጠሩ። በአንድ ዙር 9 ክብሪትና 6 በቆሎ። የገባው 3 ካርቦን፤ ሳህኑ ላይ ያለውም 3 ካርቦን። ልክ ካልመጣ እርምጃ 3 ወይም 6 ላይ ተሳስታችኋል።

8. ሌላ 3 ሽምብራ ይዛችሁ ከእርምጃ 2 ጀምሮ ድገሙ። ሳህኑ ላይ 6 ሽምብራ ይሆናል። የአንድ ግሉኮስ ካርቦን ይኸው ነው። ዋጋው 18 ኤቲፒና 12 ኤንኤዲፒኤች ነው። ክብሪቱም በቆሎውም ማለቅ አለበት።

እዚህ ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ሁለት ስኒ ወደ ሳህኑ መገልበጥ። ይህ ከሁሉም ይበዛል። ከ6 ስኒ ሁለቱን ካወጣችሁ ለሚቀጥለው ዙር 12 ሽምብራ ብቻ ይቀራል። 12 ደግሞ ለ3 ስኒ አምስት አምስት አይደርስም። ዙሩ እዚያው ይቆማል። ቅጠል ከያዘው 6 አምስቱን መልሶ የሚያስገባው ለዚህ ነው።

«የጨለማው ሂደት ሌሊት ይካሄዳል» ማለት። አንዳንድ መጽሐፍ ይህን ዑደት የጨለማ ሂደት ስለሚለው የመጣ ስህተት ነው። ክብሪቱንና በቆሎውን የሚሞላው ብርሃን ነው። ብርሃን ሲጠፋ እነሱ ያልቃሉ፤ ዙሩም ይቆማል። ከኢንዛይሞቹም ጥቂቶቹ የሚነቁት በብርሃን ነው። ቀን ላይ የሚሠራ ሥራ ነው።

ኦክስጅኑ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል ማለት። የሚወጣው ኦክስጅን ከተሰነጠቀው ውሃ ነው። በቆጠራችን ውስጥ ኦክስጅን ያላያችሁት ለዚህ ነው።

ጤፍ፣ በቆሎ፣ ማሽላና ሸንኮራስ? ብላችሁ የምትጠይቁኝ አላችሁ። እነሱ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን መጀመሪያ በባለ 4 ካርቦን አሲድ ይይዙትና ወደ ውስጠኛ ሴሎች ያሻግሩታል። እዚያ ሲደርስ የሚገባው ወደዚሁ ዙር ነው። ሽምብራውን እንደገና መቁጠር አያስፈልጋችሁም።

ክፍል ሁለት፦ ቅጠሉን መፈተሽ

አሁን ወደ እውነተኛው ተክል። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሁለት እኩል ተክሎች እንወስዳለን። ብርሃኑ አንድ፣ ውሃው አንድ፣ ሙቀቱ አንድ። ልዩነቱ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንደኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያገኛል፣ ሌላው አያገኝም። ከዚያ ማን ምግብ ሠራ ብለን እናያለን።

ብዙ ጊዜ በትምህርት ቤት የሚሠራው ቅጠሉን በግማሽ በጥቁር ወረቀት መሸፈን ነው። ያ ብርሃን እንደሚያስፈልግ ያሳያል። ስለ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ምንም አይናገርም። ጥያቄያችሁ ካርቦኑ ከየት መጣ ከሆነ መለወጥ ያለባችሁ አየሩን ነው።

የምንፈልገው ስኳሩን ሳይሆን ስታርችን፣ ማለትም ብዙ ስኳር ተያይዞ የሚሠራውን የተከማቸ ምግብ፣ ነው። ቅጠል ቀን ከሠራው ስኳር የተወሰነውን በሱክሮስ መልክ ወደ ሥሩና ወደ ፍሬው ይልካል። የተወሰነውን እዚያው ስታርች አድርጎ ያስቀምጣል፤ ሌሊት መልሶ ይበላዋል። ስኳር በአዮዲን ቀለም አይለውጥም። ስታርች ግን ሰማያዊ ጥቁር ይሆናል። ስለዚህ ስታርቹ የስኳሩ ምስክር ነው።

የሚያስፈልጋችሁ፦

- በአንድ ቀን የተዘሩ፣ 3 ወይም 4 ሳምንት የሆናቸው ሁለት የቦሎቄ ተክሎች፤ ለየብቻ በተቆረጠ ጀሪካን ወይም በሌላ ዕቃ የተተከሉ
- ውስጡ የሚያሳይ ትልቅ ፌስታል፣ ቀዳዳ የሌለው፣ 2
- ትንንሽ ፌስታል 2፣ ላስቲክ ወይም ክር፣ ቫዝሊን
- የበረደ ኖራ፤ ማለትም አስቀድሞ ውሃ ነክቶት ግለቱ ያለፈለት
- ቤኪንግ ሶዳ
- አዮዲን ወይም ከፋርማሲ የሚገዛ ቤታዲን
- የሕክምና አልኮል፤ ከ90 በመቶ በላይ የሆነው ከተገኘ ይመረጣል፣ 70 በመቶውም ይሠራል፣ ጊዜ ግን ይወስዳል
- ድስት፣ ወፍራም ብርጭቆ 2፣ ወረንጦ፣ ነጭ ሳህን 2
- ሁለት ዝርግ ሳህን ወይም ክዳን
- የጎማ ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር

ቦሎቄ የመረጥኩት ቅጠሉ ስስና ለስላሳ ስለሆነ፣ ስታርችም በደንብ ስለሚያከማች ነው። የቡናና የባሕር ዛፍ ቅጠል ወፍራምና ሰም ያለበት ስለሆነ አልኮሉም አዮዲኑም በቀላሉ አይገባበትም። ሽንኩርት ደግሞ በቅጠሉ ስታርች አያስቀምጥም። ስንዴና ገብስም ቀን የሚያስቀምጡት በአብዛኛው ስኳሩን እንዳለ ነው። እነዚህን ብትፈትሹ ምግብ ሠርተው እንኳ በደንብ ላይጠቁሩ ይችላሉ።

ማስጠንቀቂያ። እባካችሁ ይህን ሳታነቡ አትጀምሩ።

አልኮል በቀጥታ እሳት ላይ በፍጹም አይጣድም። እንፋሎቱ ከሩቅ እሳት ይስባል። አልኮሉን ከመክፈታችሁ በፊት ምድጃው መጥፋት አለበት። ሻማም፣ ሲጋራም፣ ከሰልም በክፍሉ ውስጥ አይኑር። መስኮት ክፈቱ።

ኖራ ዓይን ይጎዳል፣ ቆዳም ያቃጥላል። ጓንትና መነጽር አድርጉ። ውሃ ያልነካው ኖራ ውሃ ሲያገኝ በኃይል ይግላል፤ ስለዚህ አስቀድሞ የበረደውን ብቻ ተጠቀሙ። ዓይን ውስጥ ከገባ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውሃ ለረጅም ጊዜ እጠቡና ሐኪም ጋ ሂዱ።

በትምህርት ቤት ላቦራቶሪ በኖራ ፋንታ ኮስቲክ ሶዳ ይጠቀማሉ። ይበልጥ ፈጣን ነው፤ አደጋውም ይበልጣል። መምህር በሌለበት አትንኩት። ሁልጊዜ ሶዳው ወደ ውሃ ይጨመራል እንጂ ውሃ ወደ ሶዳው አይፈስም። የአሉሚኒየም ዕቃ ውስጥም አይገባም።

ትልቁን ፌስታል ሕፃናት እንዳያጠልቁት ከእጃቸው አርቁት።

አሠራር

1. አዮዲናችሁን ፈትሹ። ቤታዲን ከሆነ የቀጠነ ሻይ እስኪመስል ድረስ በውሃ አቅጥኑት። አንድ ጠብታ በተቆረጠ ድንች ላይ፣ አንድ ጠብታ በስኳር ላይ አድርጉ። ድንቹ መጥቆር አለበት፤ ስኳሩ አይለወጥም። ድንቹ ካልጠቆረ አዮዲኑ አርጅቷል፤ ሌላ ግዙ። ይህን ሳያደርጉ ሦስት ቀን የደከሙ ሰዎች አውቃለሁ።

2. ሁለቱንም ተክል አጠጡና ጨለማ ቁም ሣጥን ውስጥ 48 ሰዓት አስቀምጡ። ዓላማው ቅጠሉ ቀድሞ ያከማቸውን ስታርች እንዲጨርስ ነው። ይህ ካልተደረገ የምታዩት የዛሬውን ሥራ ሳይሆን የትናንቱን ተራፊ ነው።

3. ከ48 ሰዓት በኋላ ከእያንዳንዱ ተክል አንድ ቅጠል ቀጥፉና ከእርምጃ 8 እስከ 11 ባለው መንገድ ፈትሹ። ካልጠቆረ ዝግጁ ነው። ከጠቆረ አንድ ቀን ይጨመርለት።

4. ተክሎቹን አጠጡ። ከዚያ መትከያ ዕቃውን ከነአፈሩ በትንሹ ፌስታል ጠቅልሉና ግንዱ ሥር እሰሩት። ክፍተቱን በቫዝሊን ድፈኑ። ለምን? አፈር ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ሕዋሳት ይተነፍሳሉ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣሉ። አፈሩ ክፍት ከሆነ እናንተ በላይ በኩል የምትነጥቁትን እሱ ከታች ይሰጣል።

5. አንዱን ተክል «ያለ»፣ ሌላውን «የሌለ» ብላችሁ ምልክት አድርጉ። ለ«የሌለ» የበረደ ኖራ በጥቂት ውሃ እርጥብ አድርጋችሁ በዝርግ ሳህን ላይ በስሱ ቀቡ። ኖራ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይስባል። በስሱ የተቀባው አየሩን በሰፊው ስለሚነካ ነው። ለ«ያለ» በአንድ ብርጭቆ ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ አሟሙና በሁለተኛው ዝርግ ሳህን አድርጉ። ይህ ቀስ እያለ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል።

«ለ«ያለ» ውሃ ብቻ ቢሆንስ?» ትሉኛላችሁ። አየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 0.04 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በታሰረ ፌስታል ውስጥ ያለውን ቅጠሉ ቶሎ ይጨርሰዋል። ያኔ ሁለቱም ተራቡ ማለት ነው፤ ማነጻጸሪያ አይኖራችሁም።

6. እያንዳንዱን ተክል ከነሳህኑ ትልቁ ፌስታል ውስጥ አስገቡና አፉን አጥብቃችሁ እሰሩ። ፌስታሉ ቅጠሉን እንዳይነካ በእንጨት ደግፉት። ይህን ማታ ሥሩ። አንድ ሌሊት በጨለማ ይደር። ኖራው አየሩን የሚያጠራበት ጊዜ ያገኛል።

7. በማግስቱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ደማቅ ብርሃን ያለበት ጥላ ውስጥ ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ቀጥታ ፀሐይ ላይ አይሁን። የታሰረ ፌስታል በፀሐይ ሲመታ ውስጡ እንደ ምድጃ ይግላል፤ ቅጠሉም ይጠወልጋል። በክረምት ደመና ከሆነ ሁለትና ሦስት ሰዓት ጨምሩ። አውሮፓ ወይም አሜሪካ ሆናችሁ በብርድ ወራት የምትሠሩ ደግሞ ኃይለኛ ነጭ መብራት ብታደርጉ ይሻላል።

8. ከእያንዳንዱ አንድ ቅጠል ቀጥፉ። የ«ያለ»ን ቅጠል ጫፉን በመቀስ ቁረጡ፤ በኋላ እንዳይምታታባችሁ። ድስት ውስጥ በሚፈላ ውሃ ለአንድ ደቂቃ ንከሩት። አዲስ አበባና ሌላ ደጋ ያላችሁ ሁለት ደቂቃ አድርጉት፤ አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህ ቅጠሉን ይገድለዋል፤ ስታርቹ ባለበት ይቆማል። የሴሉም ግድግዳ ይላላል፤ አዮዲን ይገባል።

9. ምድጃውን አጥፉ። እሳት አለመኖሩን አረጋግጡ። ብርጭቆዎቹን በሞቀ ውሃ አለቅልቁ፤ ድንገት ሲግሉ እንዳይሰነጠቁ። አሁን ቅጠሎቹን ለየብርጭቆው አስገቡ፤ እስኪሸፍናቸው አልኮል ጨምሩ። ብርጭቆዎቹን ድስቱ ውስጥ ባለው ትኩስ ውሃ ላይ አስቀምጡ። ንጹሕ አልኮል በ78 ዲግሪ ስለሚፈላ፣ ደጋ ላይ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ስለሚል፣ የድስቱ ትኩሳት ብቻውን ይበቃል። 10 ደቂቃ ገደማ ጠብቁ። አልኮሉ አረንጓዴ፣ ቅጠሉ ገርጣ ያለ ቢጫ ይሆናል። ቀለሙ ካልለቀቀ ውሃውን ለውጡ። ለማሞቅ ብርጭቆውን ከክፍሉ አውጡት እንጂ አልኮሉ እያለ ምድጃ አትለኩሱ።

ክሎሮፊሉን የምናወጣው ለምንድን ነው? አረንጓዴ ላይ ሰማያዊ ጥቁር በደንብ አይታይም። ዓይናችሁ ይሸወዳል።

10. ቅጠሉ ከአልኮል ሲወጣ እንደ ደረቅ ወረቀት ይሰባበራል። በወረንጦ ቀስ ብላችሁ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ንከሩት። ይለሰልሳል።

11. ነጭ ሳህን ላይ ዘርጉት። ሙሉውን እስኪሸፍን አዮዲን አንጠባጥቡ። 3 ደቂቃ ጠብቁና በውሃ አለቅልቁ።

ውጤቱን ማንበብ

የ«ያለ» ቅጠል ሰማያዊ ጥቁር፣ የ«የሌለ» ቅጠል የአዮዲኑን ቡናማ ቢጫ ከያዘ ሥራችሁ ተሳክቷል። ሁለቱም እኩል ብርሃንና ውሃ አግኝተዋል። ክብሪቱና በቆሎው ለሁለቱም ቀርቦ ነበር ማለት ነው። አንደኛው ግን ስኒ ላይ የሚጨምረው ሽምብራ አላገኘም።

የ«የሌለ» ቅጠል እዚህም እዚያም ትንሽ ቢጠቁር አትደንግጡ። ቅጠሉ ራሱ ይተነፍሳል፤ የራሱን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ኖራው ሳይወስድበት መልሶ ሊጠቀም ይችላል። የምታዩት ልዩነቱን ነው።

ካልሠራ

ሁለቱም ከጠቆሩ ብዙ ጊዜ ችግሩ አየር መግባቱ ነው። ቋጠሮውን፣ የፌስታሉን ቀዳዳ፣ በተለይ ደግሞ የአፈሩን መሸፈኛ እዩ። እኔ አንድ ጊዜ በአንድ ትምህርት ቤት ይህን ሳሳይ አፈሩን ሳልጠቀልል ቀረሁ። ሁለቱም ቅጠል እኩል ጠቆረ። 40 ተማሪ እያየኝ ምክንያቱን ለማግኘት ሌላ ሳምንት ፈጀብኝ። እርምጃ 4 እንዲህ የረዘመው ለዚያ ነው። አየር ካልገባ ደግሞ እርምጃ 3ን ዘላችሁ ይሆናል።

ሁለቱም ካልጠቆሩ መጀመሪያ «ያለ» የሚለውን ተክል እዩ። ጠውልጓል? የጠወለገ ቅጠል ቀዳዳዎቹን ይዘጋል፤ ደጅ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቢሞላም አይገባም። ማታውኑ ማጠጣት ነበረባችሁ። ጠውልጎ ካልሆነ ብርሃኑ አንሶ ነበር፣ ወይም ፌስታሉ ግሎ ነበር።

በቤኪንግ ሶዳ ፋንታ ቤኪንግ ፓውደር መጠቀም የተለመደ ስህተት ነው። ማሸጊያቸው ይመሳሰላል። ቤኪንግ ፓውደር ውሃ ሲነካው ካርቦን ዳይኦክሳይዱን በአንድ ጊዜ አረፋ አድርጎ ይጨርሳል፤ ለስድስት ሰዓት አያደርስም። በውስጡም ብዙ ጊዜ ስታርች ይጨመርበታል። ቅጠሉን ከነካው አዮዲን እሱን ያጠቁርና ያሳስታችኋል።

በአልኮል ፋንታ አረቄ ልጠቀም ወይ የሚለውም ይመጣል። አይሆንም። ውሃው ስለሚበዛ ክሎሮፊሉን በደንብ አያወጣም፤ ቅጠሉ ነጣ ሳይል ይቀራል።

አዮዲኑን ሳያቀጥኑ መጠቀምም ያሳስታል። የወፈረ ቤታዲን በራሱ ጥቁር ቡናማ ስለሆነ ሁሉም ቅጠል የጠቆረ ይመስላል።

የመጨረሻው ማረጋገጫ

እዚህ የሚያቆሙ ብዙ ናቸው። እናንተ ግን አንድ ቀን ጨምሩ። ምክንያቱም አንድ ጎበዝ ተማሪ «ምናልባት ኖራው ቅጠሉን ጎድቶት ይሆናል እንጂ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በማጣት አይደለም» ብሎ ሊሞግታችሁ ይችላል። ጥሩ ሙግት ነው።

«የሌለ» የተባለውን ተክል ከፌስታሉ አውጡ። ኖራውን በጓንት አንስታችሁ ለብቻው አስቀምጡ። ተክሉን አጠጡና በማግስቱ ቀኑን ሙሉ ብርሃን ያለበት ክፍት አየር ላይ አውሉት። ማምሻውን ሌላ ቅጠል ቀጥፋችሁ ከእርምጃ 8 ጀምሮ ድገሙ። ሦስት ደቂቃው ሲያልቅ ያ ተክል የሰጣችሁ ቅጠል ሳህኑ ላይ ሰማያዊ ጥቁር ይሆናል።